የትርንጎ ዝምታ

የካቲት 17፣ 2017፣ ሰኞ። መርሳ

የንስሐ አባቴ ለዘንድሮ ጾም የሰጡኝ ቀኖና ጉድ ነው። ስግደት አላበዙብኝም። «ሔዋን፣ አፍሽ ለወቀሳ ፈጣን ነው። በየቀኑ ያመሰገንሽበትን ነገር ጻፊ» አሉኝ። አስተማሪ መሆኔን አይተው የቤት ሥራ ሰጡኝ ማለት ነው። እሺ ብዬ ከጽጌ ሱቅ ይህን ደብተር ገዛሁ።

እንግዲህ ልጀምር። ተመስገን፣ ጠዋት የቧንቧ ውሃ መጣ። ተመስገን፣ እማዬ ከግራና ሎሚና ሽንኩርት ላከችልኝ። ተመስገን፣ ወንድሜ ኪሩቤል አይሱዙውን ይዞ ከደሴ በሰላም ገባ።

ካሳዬ ከእስር ተፈታ። ይህን በየትኛው ምስጋና ሥር እንደምጽፈው አላውቅም። ከስድስት ዓመት በፊት አባታችንን ስዩምን ግራና ላይ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው በአካፋ መትቶ የገደለው እሱ ነው። ጎረቤታችን ነበር። ለኔ ክርስትና ጠላ የጠመቀችው የሱ ሚስት ናት። አሁን ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል፣ ግን ደሙ ሳይደርቅ፣ ሽማግሌ ሳያስታርቅ ግራና መግባት ስለማይችል ውርጌሳ እህቱ ቤት ተቀምጧል አሉ።

ኪሩቤል ወሬውን ሲሰማ ሽሮውን ጨርሶ እጁን ታጠበና «ጎማ ላስነፋ» ብሎ ወጣ። ተመስገን፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው።

የካቲት 20

በችኮላ። ሁለት መምህራን ቀርተው የሦስት ክፍል ልጅ አንድ ላይ አስተማርኩ። ድምፄ ተዘጋ። ጠመኔ ግን አለ። አምና እሱም አልነበረም፣ ተመስገን።

የካቲት 21

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ጋር «የአስካል ልጆች»ን ጀመርን። ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ተውኔት ነው። የጸሐፊው ስም ያለበት ገጽ ድሮ ስለተቀደደ ማን እንደጻፈው እንኳ አናውቅም። ወይዘሮ አስካል ባሏን ፊታውራሪው ይገድልባታል። ደም የነካውን ጋቢ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ልጇን ጎበዜን ለበቀል ታሳድጋለች። ጎበዜ ሦስተኛው ገቢር ላይ ያመነታል፣ አራተኛው ላይ ጎራዴ ደብቆ የፊታውራሪው ልጅ ሠርግ ይገባል፣ አምስተኛው ላይ ሠርገኛው ይተላለቃል። ትርንጎ የምትባል እህትም አለችው። ጠጅ ትቀዳለች፣ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትገባለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

የማስተማሪያ ደብተሬ ላይ «ጭብጥ፦ ክብርና የደም ዕዳ። ዋና ገጸ ባሕርይ፦ ጎበዜ። ድክመቱ፦ ማመንታት» ይላል። ልጆቹ ይገለብጡታል፣ ፈተና ላይ ይመልሱልኛል፣ እኔም ራይት አደርጋለሁ። ዛሬ ጎበዜ ጎራዴውን አንስቶ መልሶ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ወንዶቹ ሳቁበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ገበያ ላይ ቲማቲም ስመርጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«የስዩም ልጅ መኪናው ነው እንጂ እሱ አይፈጥንም።»

«ተይ እቴ! እህትየው ያኔ እንዳለችው ነው እኮ። ወንድ ልጅ የለው ወይ!»

ተሳሳቁ። እህትየው እኔ ነኝ። ምን እንዳልኩ ዛሬ አልጽፈውም። ቲማቲሙን ሳልከራከር ገዝቼ ተመለስኩ፣ ግማሹ የበሰበሰ ነው። ተመስገን፣ ግማሹ ደህና ነው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

እማዬን ጠይቄ ከግራና ስመለስ ኪሩቤል መርሳ ድረስ አደረሰኝ። ጋቢና ውስጥ ጫማዬ ወልቆ ሳጎነብስ ከሲቱ ሥር በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ነካሁ። ብረት ነው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ክሪክ ነው፣ እታለም። ተይው እጅሽን ያቆሽሽሻል።»

ክሪክ ለመኪና አስፈላጊ ነው። መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ያለ ክሪክ ምን ይሆናል? ተመስገን፣ ጠንቃቃ ሹፌር ነው።

መጋቢት 6

ክሪክ አይደለም። ክሪኩ ከኋላ ታስሮ ነው የሚሄደው፣ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። የሱ ጉዳይ ነው፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?

መጋቢት 11

ዛሬ ቡርቱካን ጉድ አደረገችኝ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ናት። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ትርንጎ ጎራዴውን አይታለች አይደል?»

«የት ይላል እሱን?»

«አራተኛው ገቢር ላይ። ወደ ሠርጉ ሲሄድ ጋቢውን ስታስተካክልለት ‹ከብዶሃል› ትለዋለች። ጋቢ ምን ያህል ይከብዳል? አውቃለች። አውቃ ዝም ብላ ጠጅ ልትቀዳ ሄደች። ለምን ዝም አለች?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ያችን ቃል አነብንቤ አልፌያታለሁ። ልብ አላልኳትም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የቤት ሥራ ይሁን» አልኩ። አስተማሪ መልስ ሲጠፋው የሚለው ነገር ነው።

ቤት ገብቼ ሦስት መልስ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ፈርታ ነው። ሁለተኛ፣ ብትናገርም አይሰሟትም። ሦስተኛ፣ እንዲያደርገው ፈልጋ ነው። ሦስተኛውን ሰረዝኩት። ተውኔቱ ውስጥ ማስረጃ የለውም።

ተመስገን፣ አንዲት የምታስብ ልጅ ክፍሌ ውስጥ አለች። ባትኖር ግን ምን ነበረበት?

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሼህ አብዱልጀሊል ደጃፌ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አበጋር ናቸው። እስላምም ክርስቲያንም ደም ሲቃባ የሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌ። ዘንድሮ የኛ ጾም ከረመዳን ጋር ስለገጠመ የማቀርብላቸው ነገር አልነበረም።

«አልሐምዱሊላህ፣ ቤትሽ ከእንግዳ ወጪ ተገላገለ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁን አቆሙ።

«እናትሽ እሺ ብላለች። ‹ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ልጄን አልቀብርም› ነው ያለችን። ካሳዬም ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ ልውደቅ ይላል። ኪሩቤል ግን እምቢ አለ።»

«እሱማ ግትር ነው፣ ሼህ። እርስዎ ያውቁታል።»

«‹እኔን ከመጠየቃችሁ በፊት እህቴን ጠይቋት› አለን።»

«እኔን? እኔ ምን ቤት ነኝ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔም እኮ ያን ቀን ለቅሶው ላይ ነበርኩ» አሉ። ከዚያ ዱዓ አድርገውልኝ፣ ከኢዱም ከፋሲካውም በኋላ ቀን እንቆርጣለን ብለው ምርኩዛቸውን አንስተው ሄዱ። እግራቸውን ያማቸዋል፣ ከመናኸሪያው ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። ባጃጅ ልጥራልዎት ለማለት እንኳ አልደረስኩም።

መጋቢት 16

እሺ፣ ልጻፈው።

የአባዬ አስከሬን ሲወጣ አልቃሿ አንድ ሁለት ብላ ደከመች። እኔ ተነሣሁ። መምህር ነኛ! ቃል አያጥረኝማ! ኪሩቤል ከፊቴ ቆሟል፣ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ነጠላውን አፉ ውስጥ ከቶ ያለቅሳል። እኔ እያየሁት እንዲህ አልኩ፦

ከቦዩ ዳር ወድቆ ስዩም ብቻውን፣
ወንድ ልጅ የለው ወይ የሚያነሳ ዱላውን?

ሴቶቹ እሪ አሉ። ሦስቴ አስደገሙኝ። ሦስቴም ደገምኩላቸው። በሳምንቱ ግጥሙ መርሳ ገባ፣ በወሩ ወልድያ ደረሰ ተባለ።

ሐዘን ነው ያናገረኝ ስል ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። እውነት ነው፣ ሐዘን ነበር። ግን ሴቶቹ «ደግሚው! ደግሚው!» ሲሉኝ ኮርቼ ነበር። አባቴ መሬት ላይ ተጋድሞ እኔ በግጥሜ ኮራሁ። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም።

ዛሬ ምስጋና የለኝም። ነገ ሁለት እጽፋለሁ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ፈተና ማውጣት አለብኝ፣ አልቻልኩም። የትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆመው ባጃጅ ነጂ «ቲቸር፣ ወንድምሽ ውርጌሳ የካሳዬን እህት ቤት ሲያጠያይቅ ነበር፣ ታረቃችሁ እንዴ?» አለኝ። ደስ ብሎት ነው የጠየቀኝ፣ የዋህ ነው።

ኪሩቤል ጋ ደወልኩ። ነገ ጠዋት ከግራና ሽንኩርት ጭኖ በውርጌሳ በኩል ደሴ ይወርዳል። «ሌላስ?» አልኩት። «ሌላ ምን አለ?» አለኝ። ድምፁ ደረቅ ነው።

ሼህ አብዱልጀሊልን ልጥራ? ፖሊስ ልንገር? ወንድሜን አሳልፌ ልስጥ? እማዬ ብትሰማ ልቧ ቀጥ ይላል። ዝም ብልስ? ምናልባት ምንም አያደርግ ይሆናል። ምናልባት ይመለስ ይሆናል።

ትርንጎም እንዲህ ብላ ይሆናል ጠጅ ልትቀዳ የሄደችው።

መጋቢት 27፣ መድኃኔዓለም

ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

መኪናው መርሳ ሲደርስ መንገድ መሐል ቆሜ ጠበቅሁት። ረዳቱ ሽንኩርቱ ላይ ተኝቷል። በሩን ከፍቼ ጋቢና ገባሁ።

«ወዴት ነው፣ እታለም?»

«ካንተ ጋር።»

«ደሴ ምን አለሽ?»

«ምንም። ከዚህ ጋቢና ግን አልወርድም። ብትጎትተኝ እጮሃለሁ። ድምፄን ታውቀዋለህ።»

ቦርሳዬ ውስጥ የልጆቹን ወረቀት ይዤ ነበር፣ አውጥቼ ማረም ጀመርኩ። ዓይኔ ፊደሉን አያየውም፣ ሁሉንም ራይት አደረግሁት። የዚህ ሳምንት ተማሪዎቼ ዕድለኞች ናቸው። ሐሩሩ ያቃጥላል፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ ሽንኩርቱ ዓይን ይለበልባል።

ውርጌሳ ስንደርስ ከአስፋልቱ ወጥቶ አንድ ዛፍ ሥር አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱን ሻይ ጠጥተህ ና ብሎ ላከው። እጁ መሪው ላይ ነው። ሁለት መቶ ሜትር ቢሄድ የካሳዬ እህት ቤት ነው።

«ከሲቱ ሥር ያለውን አውቃለሁ» አልኩት። «ሦስት ሳምንት ሆኖኛል ካወቅሁ። ዝም አልኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

ቡርቱካን የጠየቀችኝን ነው የጠየቀኝ። የሰረዝኩት መልስ ምላሴ ላይ መጣ።

«ግማሽ ልቤ እንድታደርገው ይፈልግ ነበር መሰለኝ። ክብራችን እንዲመለስ። ያ ግጥሜ ውሸት እንዳይሆን። ኪሩቤል፣ በደልኩህ።»

እጁን ከመሪው ላይ አነሣ። ከዚያ ተናገረ። በሕይወቱ ይህን ያህል ሲናገር አልሰማሁትም።

«ስድስት ዓመት ሙሉ የትም ብቀመጥ ያ ግጥም አለ። ሻይ ቤት አለ። ጎማ ቤት አለ። አንዴ ደሴ ላይ ጫኙ እያንጎራጎረው ኩንታል ሲያወጣ ሰማሁት። የማን እንደሆነ አያውቅም፣ ዜማው ጥሞት ነው። እኔ ካሳዬን እጠላዋለሁ መሰለሽ? ልጅ ሳለሁ ዋና ያስተማረኝ እሱ ነው። እየጠላሁት አይደለም የመጣሁት። ደክሞኝ ነው።»

አለቀስኩ። «መልሼዋለሁ። ይኸው፣ ግጥሙን መልሼ ወስጄዋለሁ» አልኩት።

«እዚህ ብትመልሺው ማን ሰማሽ? ሽንኩርቱ? ሰው ፊት ነው ያልሽው፣ ሰው ፊት መልሺው።»

ረዳቱ ተመልሶ መጣ። ኪሩቤል ሞተሩን አስነሣ። መሪውን ወዴት እንደሚያዞር እስካይ ድረስ ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ወደ ደሴ አቀና።

ተመስገን። ተመስገን። ተመስገን። ነገ ሁለት እጽፋለሁ ብዬ የቀረብኝ ዕዳ ይኸው ተከፈለ።

መጋቢት 30

ቡርቱካን የቤት ሥራውን አመጣች። ሌሎቹ ረስተውታል፣ እኔም የረሳሁት መስሏቸው ነበር። «ትርንጎ ዝም ያለችው ወንድሟ ከሚዋረድ ቢሞት ስለሚሻላት ነው። ጸሐፊው አላወቀባትም እንጂ ከጎበዜ ይልቅ ገዳይዋ እሷ ናት» ይላል። «ገዳይዋ» የሚለው ላይ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩ። አሥር ከአሥር ሰጠኋት።

በማስተማሪያ ደብተሬ ላይ የነበረውን ጭብጥም ሰረዝኩ። በምን እንደምተካው ገና አላውቅም።

ሚያዝያ 8፣ ሰሙነ ሕማማት

ሼህ አብዱልጀሊል ቀን ቆረጡ፣ ሚያዝያ 25። ኪሩቤል «እመጣለሁ። የምነሣው ግን እሷ ከተነሣች ነው» ብሏቸዋል።

ሽማግሌዎች ፊት ሴት ተነሥታ ሙሾዋን ስትመልስ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ለእማዬ ነገርኳት።

«ይስቁብኛል፣ እማዬ። መምህርቷ አበደች ይሉኛል።»

«ይሳቁብሻ! የሳቀ ሰው ልጄን አይገድልብኝ» አለችና ባቄላዋን መልቀም ቀጠለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ይቺ ሴት አባብላኝ አታውቅም። ተመስገን ለእናቴ።

ሚያዝያ 13

ፋሲካ በሰላም አለፈ። ሦስታችን አንድ ገበታ ላይ በላን። ኪሩቤል ዶሮውን ጨው በዝቶበታል አለ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ቀኖናዬ አልቋል፣ መጻፉን ግን መተው አልቻልኩም።

ሚያዝያ 24

ሁለት ግጥም ጽፌ ቀደድኩ። በጣም ያማሩ ነበሩ፣ ለዚህ ነው የቀደድኳቸው።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ። ግራና

ከቦዩ በላይ ካለው ዋርካ ሥር ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተቀመጠ። መሐል ላይ ሽማግሌዎቹና ቄሱ። ያኔ ለቅሶው ላይ «ደግሚው» ያሉኝ ሴቶችም መጥተዋል፣ አንዳቸውም አልቀሩም።

ካሳዬን አመጡት። ማንን እንደጠበቅሁ አላውቅም፣ የመጣው ግን ፀጉሩ የነጣ፣ ያጎነበሰ ሽማግሌ ነው። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ተንበረከከና «የስዩም ልጆች፣ ወንድሜን ገደልኩት» አለ። ሌላ መናገር አልቻለም፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ሼህ አብዱልጀሊል ወደ ኪሩቤል ዞሩ። ኪሩቤል መሬት መሬት ያያል። ሰው ሁሉ ጠበቀ። ድንጋዩ ካሳዬን ሊጥለው ነው።

ተነሣሁ። «ያኔ እዚህ ያልኩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል» አልኩ። «እስከ ዛሬም ትሉታላችሁ። እሱ ከዛሬ ጀምሮ የኔ አይደለም። የኔ ይኸው።» ዜማው ጠፋኝ፣ ግን አልኩት፦

ተወው አታንሳው፣ ያ ዱላ ይበስብስ፣
ወንድም ዓለም ብቻ በሰላም ተመለስ።

እሪ ያለ የለም። ድገሚው ያለኝም የለም። ከኋላ አንዷ ሳቀች መሰለኝ፣ ወይም አለቀሰች፣ አልለየሁትም። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ኪሩቤል ተነሣ። ቀስ ብሎ ሄዶ ድንጋዩን ከካሳዬ ማጅራት በሁለት እጁ አነሣው። ይዞት ቆመና «ይህን ያህል ይከብዳል እንዴ?» አለ። ከዚያ ከዋርካው ወዲያ ወርውሮ ካሳዬን በክንዱ ደግፎ አስነሣው። ከሲቱ ሥር የነበረውን ሻሽ ከነምናምኑ ለሼህ አብዱልጀሊል ሰጣቸው፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከጋቢያቸው ሥር አደረጉት። በጉ ታረደ። ከአንድ ማስታጠቢያ ታጥበን ከአንድ ገበታ በላን። የካሳዬ ሚስት እንጀራ ስታቀርብልኝ እጇን ይዤ ሳምኩት፣ እሷም ጉንጬን ሳመችኝ።

ስድስት ዓመት የለበስኩትን ከል ማታ አወለቅሁ። ምን እንደምለብስ ጠፋኝ፣ ያሉኝ ልብሶች ሁሉ ጠበውኛል። ተመስገን፣ ወፍሬያለሁ ማለት ነው።

ግንቦት 7

ኪሩቤል ለምሳ መጣ። ትናንት ከካሳዬ ጋር ሆነው ግራና የእማዬን የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲፈቱ ውለው እጁ ዘይት ብቻ ነው፣ በሳሙናም አልለቀቀለትም። እኔ የ«የአስካል ልጆች»ን የመጨረሻ ፈተና እያረምኩ ነበር። አንዱን ወረቀት በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየው።

«ይሄ ነው ያ የበቀሉ ተውኔት? እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«ሁሉም ያልቃሉ። ጎበዜም፣ እናቱም፣ ፊታውራሪውም፣ ሙሽሮቹም።»

«አንድ ሰው እንኳ አይተርፍም?»

«እህትየዋ ብቻ። ትርንጎ። መጨረሻ ላይ በሩን ዘግታ ትቀመጣለች።»

«ምንም ሳትናገር?»

«ምንም።»

ወረቀቱን አስቀመጠ። ሁለት ጉርሻ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ውሃ ጠጣ።

«የጻፈው ሰውዬ እህት አልነበረችውም» አለ። «በይ ሽሮ ጨምሪልኝ፣ ደሴ ሳይመሽብኝ ልግባ።»

ጨመርኩለት።